የአያት ውጅግራ ጅማ ላይ እንዴት ይያዛል?

ወንድሜ፣ የአያትህን ውጅግራ እንዴት እንደምትይዘውና ቀለሃውን መልሰህ መሙላት ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። መሙላቱን ተወው። ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ግራስ ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግፊቱ ስለሚበዛ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል፣ ፊትህ ላይ ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ የጅማ እርጥበት ነው። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት አረጋግጥ። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ ውስጡን በሙቅ ውሃ እጠበው፣ በደንብ አድርቀህ ስስ ዘይት ቀባው። በቆዳ ሰገባ ግን አታስቀምጠው (ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያዝገው)፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ክረምት ላይ ቶሎ ቶሎ እየው። ፈቃድ ከሌለህ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 አለ፣ እሱን አስቀድም።