ጭን ላይ የምትተኛው ሮቦት ድመት

ጥያቄ፦ እናቴ 81 ዓመቷ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አብራኝ ትኖራለች። የመርሳት በሽታ ስላለባት አመሻሽ ላይ ትቁነጠነጣለች። ድመት ላመጣላት ሳስብ ጓደኛዬ በባትሪ የምትሠራ ሮቦት ድመት ግዢላት አለችኝ። ይጠቅማል ወይስ ማታለል ነው?

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያስታውሱ፤ እናትዎ ድሮ ድመት ያቅፉ ነበር? ድመት ለአይጥ ብቻ በምትፈለግበት ቤት ለኖረ ሰው ሮቦቷም ያው አይጥ አዳኝ ናት። እንዲያ ከሆነ ይቅርብዎ።

በአረጋውያን መንከባከቢያዎች የታወቀው ፓሮ የተባለው የጃፓን ሮቦት አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ግልገል ይመስላል። ሠሪው ታካኖሪ ሺባታ አቆስጣን የመረጡት አውቀው ነው፤ ድመትና ውሻን ሁሉም ስለሚያውቅ ጉድለታቸው ቶሎ ይነቃል። ፓሮ ግን በሺዎች ዶላር ያወጣል። እርስዎ ያሰቧት ሮቦት ድመት ዋጋዋ ከመቶ ዶላር ብዙ አይርቅም፤ ጉንጯን ሲዳብሷት ፊቷን ታሻሻለች፣ ጀርባዋን ሲያሹላት ታንኮራፋለች። አንገቷ ሲዞር ግን ሞተሩ ሲጥ ይላል፤ የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይሰማዋል።

ጠዋት ከቁርስ በኋላ ይጀምሩ፤ በተረበሹበት ሰዓት አዲስ ነገር አያምጡባቸው። ጭናቸው ላይ ዝም ብለው አያኑሯት። ጠረጴዛ ላይ ፊቷን ወደ እሳቸው አድርገው መጀመሪያ እርስዎ ይዳብሷት፤ እጃቸውን ከዘረጉ ያቅርቡላቸው፣ ካልዘረጉ ያንሷት። ጋቢ ከተደረበባት ሲነኳት የሚያውቀው ሴንሰሯ ስለሚሸፈን መልስ ላትሰጥ ትችላለች። ጸሎት ላይ ሳሉ ሚያው እንዳትል ማብሪያዋን ድምፅ ማጥፊያው ላይ ያድርጉት። ባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ባለችበት ደርቃ ትቀራለችና «ሞተች» ብለው እንዳይደነግጡ መለዋወጫ ይኑርዎት። ውኃ ውስጥ አትነከርም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሏት፣ ምግብ አጉርሰዋት እንደሆነም አፏን ይመልከቱ።

«ነፍስ አላት?» ብለው ከጠየቁ «አሻንጉሊት ናት» ይበሉ፤ ብዙ ሰው ይህን እያወቀም መዳበሱን አይተውም። «በላች ወይ?» ካሉ ግን አይከራከሯቸው፤ «ጠጉሯ እንዴት ይለሰልሳል!» ብለው ወሬውን ወደ እጃቸው ይመልሱት። ማታለል የሚሆነው ድመቷን አስታቅፈው እርስዎ ሲጠፉ ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ሮቦት ውሻ አለው። ለገና ባሕር ዳር አያቱ ጋ እንሄዳለን፤ እዚያ እውነተኛ ውሻ አለ። ምን ላስተምረው?

መልስ፦ ሮቦቱ ጅራቱን ቢጎትቱት አይከፋውም፤ ልጁም የለመደው ይህንኑ ነው። የአያቱ ውሻ ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ዘበኛ ከሆነ ደግሞ እንግዳ ልጅ አቅፎት አያውቅም። ሲበላ፣ ሲተኛና ታስሮ ሳለ አይጠጋው። ባለቤቱ አጠገቡ ሆኖ ውሻው ራሱ ከመጣ፣ ደረቱን ለሦስት ሰኮንድ ያህል ዳብሶ እጁን ያንሳ፤ ውሻው ዳግም ከተጠጋው ይቀጥል። ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም ድርቅ ካለ በቃኝ ማለቱ ነው። ጅራት መቁላት ብቻውን ፈቃድ አይደለም።

ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡለት፤ ዕለቱን ጤና ተቋም ወስደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጠይቁ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» ብለው አይጠብቁ። ከመሄዳችሁ በፊት ስለሚሰጠው ክትባትም ሐኪሙን አስቀድመው ያማክሩ።