የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከኋላ መስመር ለሚያጠቃ ተጫዋች የትኛው የፖሊስተር ክር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የሐዋሳ ነዋሪ ስሆን በሳምንት አራት ቀን ያህል፣ በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል የሜዳ ቴኒስ እጫወታለሁ። አጨዋወቴ ከኋላው መስመር ሆኜ ኳሱን በኃይል እያሾርኩ ማጥቃት ነው፤ ወደ መረቡ የምጠጋው ከስንት አንዴ ነው። እስካሁን የተጠቀምኩበት ክር ውፍረቱ 1.30 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በ25 ኪሎ የተወጠረ ናይሎን ሲሆን በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ይበጠስብኛል። ራኬቴ 300 ግራም የሚመዝን፣ 16 ቋሚና 19 አግድም ክር የሚይዝ ነው። ክር የሚወጥርልኝ ባለሙያ የሚገኘው አዲስ አበባ ስለሆነ ራኬቱን በሰው እጅ እልካለሁ። አሁን ወደ ፖሊስተር ለመዛወር አስቤ ከሉክሲሎን አሉ ፓወር፣ ከባቦላት አርፒኤም ብላስትና ከሶሊንኮ ሃይፐር ጂ የትኛውን እንደምመርጥ ግራ ገብቶኛል። አብሮኝ የሚጫወት ወዳጄ ደግሞ ኳሱ ከሜዳ እየወጣ ስለሚያስቸግረኝ እስከ 27 ኪሎ እንዳስወጥር ይመክረኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሦስቱም በታላላቅ ውድድሮች የተፈተኑ ጥሩ ክሮች ናቸው። ከደብዳቤዎ ውስጥ ግን ከክሮቹ ስም ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ራኬትዎ ለመወጠር አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ ነው። ፖሊስተር የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «በየስንት ጊዜው ላስቀይረው እችላለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የቀረው ምርጫ ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል።

ምክንያቱን ለመረዳት ክሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይገባል። ኳስ ከክር ጋር ተገናኝቶ የሚቆየው ለ0.005 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት፣ ራኬቱ ከታች ወደ ላይ እየተጠረገ ሲመታ፣ ቋሚዎቹ ክሮች በአግድሞቹ ላይ ተንሸራተው ወደ ጎን ይሄዱና ኳሱ ገና ሳይለቅ ተፈናጥረው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ለኳሱ ተጨማሪ ሽክርክሪት የሚሰጠውም ይህ አመላለስ ነው። ፖሊስተር ልሙጥና ግትር በመሆኑ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ በፍጥነትም ይመለሳል፤ ናይሎን ግን እርስ በርሱ እየተያያዘ ከቦታው ፈቀቅ እንዳለ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ፖሊስተር ኳሱን እንደ ናይሎን አያስፈነጥርም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ክንዱን ሳይቆጥብ ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ሲመታ ኳሱ በሜዳው ውስጥ ይወድቅለታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም 66ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩኤርተን የቤልጂየሙን የሉክሲሎን ፖሊስተር ይዞ የሮላን ጋሮስን (የፈረንሳይ ኦፕንን) ዋንጫ ከወሰደ በኋላ፣ ከኋላ መስመር የሚያጠቁ ተጫዋቾች ወደዚህ ክር የጎረፉት በዚሁ ምክንያት ነው።

የፖሊስተር ትልቁ ጉድለት ሳይበጠስ መሞቱ ነው። ናይሎን ሲያልቅ ይበጠስና ይገላግልዎታል፤ ፖሊስተር ግን ከተወጠረበት ሰዓት ጀምሮ እየላላ ይሄዳል፣ ራኬቱ ከቦርሳው ሳይወጣ ቢቀመጥም እንኳ መላላቱ አይቀርም። እንደ እርስዎ አጥብቆ በሚመታ ሰው እጅ ከ15 እስከ 20 ሰዓት ጨዋታ በኋላ አብዛኛው ፖሊስተር ጥቅሙን ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ በሳምንት 6 ሰዓት ለሚጫወት ሰው ይህ ከሦስት ሳምንት ብዙም አይርቅም። መሞቱን የሚያውቁበት ምልክት ግልጽ ነው፦ ከጥሩ ምት በኋላ ቋሚዎቹ ክሮች ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ ተንጋደው ከቀሩ፣ በመገናኛቸውም ላይ ጥልቅ ጭረት ካወጡ፣ ሽክርክሪቱ ሄዷል። ክሩ ገና አዲስ ሳለ በእስክርቢቶ መታ አድርገው ድምፁን በስልክዎ ይቅዱት፤ ክራር የሚቃኝ ሰው እንደሚያደርገው በየሳምንቱ ከአዲሱ ድምፅ ጋር ቢያመሳክሩት የመላላቱን መጠን ጆሮዎ ይነግርዎታል። የሞተ ፖሊስተር ኳሱን ያለ ልክ ያርቃል፣ ግትርነቱ ግን አይለቀውም፤ ይህን ይዞ ወራት መጫወት ክርንና ትከሻን ለሕመም የሚዳርግ ልማድ ስለሆነ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

እንግዲህ በየሦስት ሳምንቱ፣ ቢዘገይ በየወሩ ራኬቱን ወደ አዲስ አበባ መላክ የሚችሉ ከሆነ፣ ከሦስቱ ሃይፐር ጂን በ1.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት እመርጥልዎታለሁ። አራት ማዕዘን ቅርጽ ስላለው ኳሱን በደንብ ይነክሳል። የራፋኤል ናዳል ክር በመሆኑ የታወቀው ባለ ስምንት ጎኑ አርፒኤም ብላስትም ከእርሱ የሚያንስ አይደለም፤ በገበያ የሚያገኙት እርሱን ብቻ ከሆነ ሳይጨነቁ ይውሰዱት። አሉ ፓወር ክብ ሲሆን ለእጅ የሚሰጠው ስሜት ጥርት ያለ ነው፤ ሆኖም ያ ጥሩ ስሜቱ ቶሎ እንደሚጠፋ ተጫዋቾች ይመሰክሩበታል። በሦስቱ አዳዲስ ክሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ ክር አዲስነትና እርጅና መካከል ካለው ልዩነት ያንሳል።

በየወሩ መላክ የማይሆንልዎ ከሆነ ግን ሙሉ ፖሊስተሩን ይተዉትና ቅይጥ ያስወጥሩ፤ ይኸውም ቋሚውን በፖሊስተር፣ አግድሙን በናይሎን ማለት ነው። ሽክርክሪቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከቋሚዎቹ ስለሆነ ብዙ አይቀርብዎትም፤ ናይሎኑ ደግሞ የራኬቱን ግትርነት ያለዝበዋል። ለዚህ አገልግሎት ማዕዘን ያለው ፖሊስተር ናይሎኑን ቶሎ ስለሚቆርጠው ክብ የሆነውን፣ ለምሳሌ አሉ ፓወርን ይምረጡ፤ አግድሙም ከቀጫጭን ቃጫዎች የተገመደው ለስላሳ ዓይነት ሳይሆን ወጥ የሆነው ተራ ናይሎን ይሁን። ቅይጥ የድሃ ምርጫ እንዳይመስልዎት፤ በየጨዋታው አዲስ ክር ይወጠርለት የነበረው ሮጀር ፌደረር እንኳ ቋሚውን በከብት አንጀት፣ አግድሙን በፖሊስተር አድርጎ ነበር የሚጫወተው። አንድ ራኬት 12 ሜትር ገደማ ስለሚፈልግ ባለ 200 ሜትሩ ጥቅል ለ16 ራኬት ይበቃል፤ ቅይጥ ለሚያስወጥር ሰው ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ያገለግላል። ከሜዳ ጓደኞችዎ ጋር አዋጥታችሁ ጥቅሉን ብትገዙ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ምክር ልምጣ። 27 ኪሎውን አልስማማበትም። ፖሊስተር ከናይሎን ይልቅ ግትር ስለሆነ ከለመዱት ውጥረት 2 ኪሎ ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ በ23 ኪሎ ይጀምሩ፣ ክንድዎ ካልተመቸው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ 22 ይውረዱ። አብዝቶ የተወጠረ ፖሊስተር አይንሸራተትም፤ የገዙትን ሽክርክሪት መልሰው ይጥሉታል ማለት ነው። ኳሱ ከሜዳ የሚወጣበት ምክንያት ከክሩ ውጭም ሊሆን ይችላል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ኳስ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ ቶፕስፒንም (ኳሱን ወደ ፊት የሚያሾረው ሽክርክሪት) በዝቅተኛ ቦታ እንደሚያደርገው ኳሱን ወደ ታች አይጎትተውም። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ለከፍታ ቦታ የተሠሩ ኳሶችን በደንቡ ውስጥ ለይቶ ያስቀመጠው ስለዚህ ነው። ክሩን ከመውቀስዎ በፊት የሚጫወቱበት ኳስ ከዚህ ዓይነት መሆኑን በጣሳው ላይ ያረጋግጡ፤ ተራው ኳስ በሐዋሳ ሜዳ ያለ ልክ ይነጥራል። በዝቅተኛ አገር የሚኖሩ ተጫዋቾች ስለሚያወድሱት የ20 ኪሎ ውጥረት ቢያነቡም በዚህ ከፍታ ለጀማሪ የፖሊስተር ተጠቃሚ አይሆንም።

ሁልጊዜ በአንድ ባለሙያና በአንድ መሣሪያ ማስወጠርም ይጠቅማል፤ በእጅ እየተሽከረከረ የሚቆለፈው መሣሪያ በኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ ከሚስበው ይልቅ ላላ ያለ ውጤት ስለሚሰጥ በሁለቱ ላይ የተጻፈው 23 ኪሎ አንድ አይደለም። ራኬቱ በመንገድ ላይ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ እንዳይውል ለሚወስደው ሰው አደራ ይበሉ፤ ሙቀት የራኬቱን ክር ያላላል። ክርንዎን ማመም ከጀመረዎት ደግሞ ፖሊስተሩን በዚያው ቀን ያቁሙ፤ ሕመሙ ካልተወዎት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ቴኒስ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ታላላቆቹ የሚጠቀሙበትን ፖሊስተር ግዛልኝ እያለች ታስቸግረኛለች። ልግዛላት? (አባት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይግዙላት። ፖሊስተር የሚሠራው በፈጣን ምት ሲለጠጥ ነው፤ ኃይሉ ገና ያልጠነከረ ክንድ ክሩን ማንቀሳቀስ ስለማይችል ሽክርክሪቱ አይገኝም፣ ንዝረቱ ግን በሙሉ ወደ ልጅቱ ክርን ይሄዳል። በ21 ወይም በ22 ኪሎ የተወጠረ ለስላሳ ናይሎን ይበቃታል። ናይሎኑን በተደጋጋሚ መበጠስ ስትጀምር ከላይ የገለጽኩትን ቅይጥ ይሞክሩላት።

ጥያቄ፦ አንድ ክር ሲበጠስ ራኬቱን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ብልከው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አንዱ ሲበጠስ የቀሩት ክሮች ፍሬሙን ባልተመጣጠነ ኃይል ስለሚስቡት ቀናት ሲቆይ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። በዚያው ሰዓት መቀስ ይዘው ከመሐል ይጀምሩ፤ አንድ ቋሚ፣ አንድ አግድም እያፈራረቁ ወደ ዳር እየሄዱ ሁሉንም ይቁረጡና ባዶውን ፍሬም ይላኩት።