ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ስንት ከፋይ አለው? ጥያቄና መልስ

ስለ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍትና ስለ ተፎካካሪዎቹ የኦንላይን ጌሞች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እውነት 12 ሚሊዮን ከፋይ ነበረው? ዛሬስ?

መልስ፦ ነበረው፤ የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ ኦክቶበር 2010 ላይ ይፋ አድርጎታል። ከዚያ ወዲያ እየወረደ ሄዶ በ2015 ሦስተኛው ሩብ ዓመት 5.5 ሚሊዮን ደረሰ። ኩባንያውም ከዚህ በኋላ የከፋይ ቁጥር አላወጣም አለ። ስለዚህ ዛሬ «ይህን ያህል ሚሊዮን አለው» የሚልህ ሁሉ ግምቱን ነው የሚነግርህ። በ2024 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ የታየው ግራፍ እንኳ ቁጥር አልተጻፈበትም፤ 7 ሚሊዮን ገደማ የሚባለው ሰዎች መስመሩን ከድሮዎቹ ቁጥሮች ጋር አስተያይተው ያወጡት ነው።

ጥያቄ፦ 12 ሚሊዮን ከፋይ በወርሃዊ ክፍያው በ14.99 ዶላር ሲባዛ በወር 180 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ማባዛቱ ልክ ነው፤ ገቢው ግን ያ አይደለም። ቻይና ውስጥ ተጫዋቹ ካርድ እየገዛ በሰዓት ነበር የሚከፍለው፤ ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውም የአገሩ ኩባንያ ስለሆነ ብሊዛርድ የሚደርሰው ድርሻው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጌሙን ገዝቶ ገና ነፃ ወሩ ላይ ያለ ሰውም ይቆጠር ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ጣለው? ፋይናል ፋንታሲ 14?

መልስ፦ አንድ ጣይ ፈልገህ አታገኝም። ቁጥሩን ተመልከት፦ ኖቬምበር 2014 ዋርሎርድስ ኦፍ ድሬኖር የተባለው ኤክስፓንሽን (ለጌሙ ተጨምሮ የሚሸጥ አዲስ ይዘት) ሲወጣ ከ7.4 ሚሊዮን ተነስቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ዘለለ፤ ማርች 2015 መጨረሻ ላይ 7.1፣ ጁን መጨረሻ ላይ 5.6 ሆነ። በዚህ ፍጥነት የሚወርድ ቁጥር ሰው አዲሱን ይዘት ጨርሶ ክፍያውን ማቋረጡን ነው የሚያሳየው። ተፎካካሪው የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ እጁ ባዶ የሆነውን ይቀበላል። ፋይናል ፋንታሲ 14 በ2010 ወጥቶ ከሽፎ፣ በ2013 እንደ አዲስ ተሠርቶ የተመለሰ ጌም ነው። ዲሴምበር 2021 ላይ ሰርቨሮቹ ከመጨናነቃቸው የተነሳ ሠሪው ስኩዌር ኢኒክስ ሽያጩን ለጊዜው እስከማቆም ደርሷል።

ጥያቄ፦ ስታር ዎርስ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክስ ወርሃዊ የክፍያ ግዴታውን ለምን ቶሎ ተወ?

መልስ፦ ዲሴምበር 2011 ወጣ፤ በጥቂት ወራት 1.7 ሚሊዮን ከፋይ ሰበሰበ። ሜይ 2012 ላይ 1.3 ሚሊዮን ቀረው፣ ኖቬምበር ላይ በነፃ መጫወት ተፈቀደ። እያንዳንዱ ንግግር በተዋናይ ድምፅ የተቀዳ ስለሆነ አዲስ ታሪክ ማዘጋጀት ውድም ረጅምም ሥራ ነው፤ ተጫዋቹ ግን ቶሎ ይጨርሰዋል። ለሁለት ጌም በየወሩ የሚከፍል ደግሞ ጥቂት ነው። ዋይልድስታር የተባለው ጌምም እንዲሁ በ2014 በወርሃዊ ክፍያ ገብቶ፣ በ2015 ነፃ ሆኖ፣ በ2018 ተዘጋ።

ጥያቄ፦ አንዱ ጌም 30 ሚሊዮን ተጫዋች፣ ሌላው 900 ሺህ ይላል። እንዴት ላወዳድር?

መልስ፦ አታወዳድር። ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚያወጣው የሚሊዮኖች ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ የተከፈተ አካውንት ነው፤ የነፃ ሙከራውም አለበት፣ ወርዶም አያውቅም። ኒው ወርልድ የተባለው ጌም 913,634 ደግሞ በ2021 በስቲም (ጌም በሚሸጥበትና በሚከፈትበት መድረክ) ላይ በአንድ ቅጽበት ገብተው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ያ ጌም አንዴ የሚገዛ እንጂ ወርሃዊ ክፍያ ያለው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ራሴ ልገምትስ ብል?

መልስ፦ ስቲም ላይ ላሉት ጌሞች የስቲምን ቁጥር ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ውሰድ፤ እሑድን ከማክሰኞ ጋር አታነጻጽር። ኤክስፓንሽን በወጣበት ሳምንት ሳይሆን ከሦስት ከአራት ወር በኋላ ያለውን ያዝ፣ ካለፈው ኤክስፓንሽን ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያየው። ብዙ ሰው በራሱ በኩባንያው ማስጀመሪያ ስለሚገባ ስቲም ከፊሉን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የምትፈልገው አቅጣጫውን እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። ኢቭ ኦንላይን የተባለው ጌም ለዚህ ይመቻል፤ ከቻይና በስተቀር ሁሉም አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ብቻ በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ለጥገና ስለሚዘጋ ያን ሰዓት ዝለለው፤ አንድ ሰው ሦስት አራት አካውንት በአንዴ እንደሚከፍትም አስብ።