በቀን 50 ቃል ልሸምድድ ላልሽው እህቴ

«አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን) ከሁለት ወር በኋላ እፈተናለሁ፤ በቀን 50 ቃል ብሸመድድ ይበቃኛል? ጥሩ የቃላት ዝርዝር ያላችሁ ላኩልኝ» ላልሽው እህቴ። እባክሽ አትጀምሪው። እኔ ጀምሬው የፈተናውን ክፍያ ሁለቴ ከፍያለሁ።

1. አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ አንድ የአማርኛ ፍቺ እያልሽ አትያዢ። እኔ የደብተሬን ገጽ መሃል ለመሃል አጥፌ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ጻፍኩ። ቀኙን በመዳፌ እየሸፈንኩ ሌሊቱን ሳነበንብ አድራለሁ። «አድሬስ» አድራሻ። «ሳውንድ» ድምፅ።

ሪዲንግ፣ ማለትም የንባብ ፈተናው ላይ «ሳውንድ ኤቪደንስ» የሚል መጣ። እኔ የማውቀው ድምፅን ብቻ ነዋ! ምንባቡ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቅጂ፣ የሚሰማ ነገር ስፈልግ ደቂቃዬ አለቀ። ለካ «አስተማማኝ ማስረጃ» ማለት ነው። «አድሬስ ዘ ፕሮብሌም» ላይም እንደዚሁ አድራሻ ፍለጋ ገባሁ፤ ለካ ለችግሩ መፍትሔ መፈለግ ማለት ነው። ለ40 ጥያቄ ያለሽ 60 ደቂቃ ነው። የመጨረሻውን ምንባብ በቅጡ ሳላነበው ሰዓት አለቀ። የሚፈለግብኝ 6.5 ነበር፤ 6 መጣ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን «3000 ቃል በ30 ቀን» ብሎ ዝርዝሩን የሸጠልኝ ማሰልጠኛ ነው። ውጤቴን ይዤ ስሄድ እንግዳ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «በደንብ ስላልሸመደድክ ነው» አለችኝ። እኔ እኮ ሁሉንም በቃሌ እወጣው ነበር! ደግሞ አካዳሚክ ወርድ ሊስት የሚባለው፣ ትምህርታዊ ጽሑፎች ላይ የሚደጋገሙ ቃላት ዝርዝር፣ 570 የቃል ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነእርባታው) ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ለዝርዝር ብለሽ አንድ ብር እንዳታወጪ።

2. ፍቺውን በእንግሊዝኛ አንብቢ፤ ለተማሪ የተዘጋጀ ዲክሽነሪ ይሁን። ሎንግማን ለምሳሌ ፍቺዎቹን የሚጽፈው 2000 ገደማ በሆኑ ቀላል ቃላት ስለሆነ አያስፈራም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍቺ አትዝለዪ፤ እኔን የበላኝ እሱ ነው። ከዚያ በራስሽ ኑሮ ዓረፍተ ነገር ሥሪበት። ያኔ ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። «ዘ ቀበሌ ዲድ ኖት አድሬስ አወር ዋተር ፕሮብሌም» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም።

3. ቃሉን ከጎረቤቱ፣ ማለትም አብሮት ከሚሄደው ቃል ጋር ያዢው። እኛ ስህተት «ሠራሁ» ስለምንል «ዲድ ኤ ሚስቴክ» ይመጣብናል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የሚሉት «ሜድ» ነው። በእኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ በእነሱ ሰው ነው ጉንፋንን የሚይዘው። ሁለተኛው ፈተና ላይ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ፈታኙ ፊት ስቀመጥ «አይ ኮት ኤ ኮልድ» የሚለው ሳላስበው ከአፌ ወጣ። በጣም ነው ደስ ያለኝ! ስፒኪንግና ራይቲንግ ላይ ከውጤትሽ ሩቡ የቃላት አጠቃቀም መሆኑን አትርሺ።

ለሁለተኛው አራት ወር ተዘጋጀሁ። በቀን 8 ቃል ብቻ። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ ተመልሼ አያቸዋለሁ። ሪዲንግ 7 አመጣሁ። አንቺም ሁለት ወሩ ካልበቃሽ ቀጠሮውን ግፊው።

ዛሬ ማታ 8 ቃል ምረጪና የሠራሻቸውን ዓረፍተ ነገሮች እዚሁ ለጥፊልኝ። አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።