የላፕቶፕሽ ማይክ ዝም ካለ፣ ማዘርቦርድ ከማስቀየርሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ኤርፎን ስትሰኪ ድምፅሽ ይሰማል፣ ስትነቅዪው ግን የላፕቶፑ የራሱ ማይክ ዝም። ዊንዶውስ 11 ነው፤ ፎርማት አስደርገሽውም አልተለወጠም። ያየው ባለሙያ «ማዘርቦርድ (የላፕቶፑ ዋና ሰርኪት ሰሌዳ) ነው» ብሎሻል፣ ሐሙስ ደግሞ በዙም የሥራ ኢንተርቪው አለሽ።

ሐሙስ በኤርፎኑ ግቢ። የኤርፎን ማይክ ለአፍሽ ስለሚቀርብ እንዲያውም ከላፕቶፑ የተሻለ ይሰማል። ስልክሽም ላይ ዙም ጭነሽ፣ ዳታ ሞልተሽ አስቀምጪ፤ ኮዬ ፈጬ ነኝ ብለሻል፣ የመብራቱን ነገር ለአንቺ አልነግርሽም።

ማዘርቦርድ የተባለውን ለጊዜው እርሺው። ሊሆን አይችልም አልልም። ግን የኛ ሰው ትኩሳት ያለበትን ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» እንደሚለው፣ ጥገና ቤትም ያልገባቸውን ሁሉ ማዘርቦርድ ይሉታል።

እኔ በዚሁ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ተንገላትቻለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ማታ ማታ ውጭ አገር ላሉ የሐበሻ ልጆች በዙም ፊደል አስተምራለሁ። አንድ ቀን «ሀ ሁ ሂ» እያልኩ ስጮህ ተማሪዬ ዝም ብሎ ያየኛል። ከዚያ ጆሮውን በጣቱ እየነካ ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤት ሰምቶኛል፣ ልጁ አልሰማኝም።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ኤርፎኑ መሥራቱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ብዙ ሰው «ፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ማይክሮፎን ፍቀጂ» ብሎሻል። እሱን ዝለዪው። ያ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በኤርፎኑም ማንም አይሰማሽም ነበር። ዙምም ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ከላፕቶፑ ማይክ እስከ ዊንዶውስ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ይሄ መንገድ ደግሞ በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ከኤርፎኑ የተለየ ነው።

ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ሳውንድ ግቢ። ኢንፑት የሚለው ስር ስንት ማይክ እንዳለ እዪ። ኤርፎኑን ነቅለሽው እንኳን የኤርፎኑ ማይክ ተመርጦ ከቆየ ላፕቶፑ ኤርፎን የተሰካ ይመስለዋል ማለት ነው። የኛ ሰፈር አቧራ የሚያደርገው ነገር ነው፤ መሰኪያው ውስጥ ገብቶ ያታልለዋል። ላፕቶፑን አጥፍተሽ ኤርፎኑን አሥር ጊዜ ያህል ሰካ ነቀል አድርጊው። አንዳንዴ ይሄው ብቻ ይበቃል። ብሉቱዝ ኤርፎን ወይም ስልክን ካሜራ የሚያደርግ አፕ ጭነሽ ከነበረም የነሱ ማይክ ተመርጦ ሊቀር ይችላል። አንቺ የምትፈልጊው «ማይክሮፎን አሬይ» ወይም «ኢንተርናል ማይክሮፎን» የሚለውን ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዝቅ ብለሽ «ኦል ሳውንድ ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቺ። እዚያ ካገኘሽው ውስጡ ግቢ። አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፦ ቁልፉ ላይ «አላው» የሚል ከተጻፈ አሁን ተዘግቷል ማለት ነው፣ ንኪው። «ዶንት አላው» ካለ ክፍት ነው፣ አትንኪው። እኔ ተገላቢጦሹን ተረድቼ ክፍቱን ራሴ ዘግቼው አንድ ሙሉ ቀን አልፏል፤ አትሳቂብኝ።

የማይክ መዝጊያ ቁልፍም እይ አድርጊ። ላፕቶፕሽ የሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ አብዛኛው ጊዜ ኤፍ 4 ላይ ነው፤ መብራቱ ከበራ ተዘግቷል።

እዚያም እዚያም ስሙ ጭራሽ ከሌለ ድራይቨር ነው የምጠረጥረው፤ ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ማለት ነው። ፎርማት ያደረገልሽ ሰው ሪልቴክ የሚባለውን ብቻ ጭኖ ሊሆን ይችላል። ብዙ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ግን ለውስጡ ማይክ «ኢንቴል ስማርት ሳውንድ» የሚባል ሌላ ድራይቨር ያስፈልጋል፤ ኤርፎኑ ያለሱም ሊሠራ ይችላል። ከላፕቶፑ ሆድ ስር ያለውን ሲሪያል ቁጥር ይዘሽ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርጂ። «ድራይቨር በነፃ እናድሳለን» የሚሉትን ፕሮግራሞች አትመኛቸው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ማይኩን የሚዘጋ ምርጫ አለ፤ ድራይቨሩ ካልፈታው እሱንም ተመልከቺ።

ስሙ አለ፣ ተመርጧል፣ ግን ሳውንድ ውስጥ ኢንፑት ስር ያለው፣ ስትናገሪ የሚዘለው የድምፅ መስመር አይንቀሳቀስም? እኔ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። «ስሙ ካለ ማይኩ አለ፣ እንግዲያው ሶፍትዌር ነው» ብዬ ድራይቨር ሳወርድ ሳጠፋ ዳታዬ አለቀ። ለካ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ማይኩ ተነቅሎም ቢሆን ስሙን ያሳያሉ። ስሙ እንደ በር ላይ ታፔላ ነው፣ ውስጥ ሰው መኖሩን አይነግርሽም።

ስለዚህ ይሄን ሙከራ አድርጊ። የድምፅ መስመሩን ክፍት አድርገሽ ካሜራው ግራና ቀኝ ያሉትን መርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ ቀዳዳዎች አካባቢ በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ፈግፍጊ። ማይኮቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ ኪቦርዱ ጋ ወይም ፊት ለፊት ጠርዙ ላይ። ካሜራ ለመሸፈን ፕላስተር ከለጠፍሽ አንሺው። ከዚያ እየፈገፈግሽ ክዳኑን በጣም ቀስ ብለሽ ዝቅ ከፍ አድርጊው።

የኔ የተያዘው በዚህ ነው። ክዳኑ ግማሽ ሲደርስ መስመሩ ዘለለ፣ ትንሽ ሲያልፍ ሞተ። የማይኩ ሽቦ ከካሜራው ሽቦ ጋር በክዳኑ ማጠፊያ በኩል አልፎ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ከወራት በፊት ማጠፊያው ላልቶብኝ ሰፈር ያለ ጥገና ቤት አጥብቀውልኝ ነበር፤ ሲያጠብቁ ሽቦውን ከብሎኑ ስር ረግጠውታል። መገናኛ ሌላ ባለሙያ ጋ ወስጄ «ክዳኑ ግማሽ ላይ ሲሆን ይሠራል» ስለው ምንም ሳይጠይቀኝ የስክሪኑን ፊት ብቻ ፈታ። ኬብሉ ተቀየረ፣ ማዘርቦርዱን ማንም አልነካውም። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አልቋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቀዳዳው ተደፍኗል ብለሽ መርፌ እንዳትከቺበት። ውስጡ ያለችው ስስ ነገር ከተነካች ማይኩ ያን ጊዜ እውነት ይሞታል። አቧራ የሚነፋውንም ጣሳ በቀጥታ አትንፊበት፤ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ በላዩ ማሳለፍ ይበቃል።

ክዳኑን ብታንቀሳቅሺውም መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ነፃ ሲስተም) ያለው ሰው ፈልጊ። ሳትጭኚው ከፍላሹ አስነስተሽ ማይኩን መሞከር ይቻላል። ራስሽ አታውርጂው፣ አዲሱ ወደ 6 ጊጋ ነው። እዚያ ከሠራ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ዊንዶውሱ ላይ አተኩሪ። እዚያም ካልሠራ ወደ ሽቦው የበለጠ አዘነብላለሁ፤ ግን አንዳንድ አዲስ ላፕቶፕ ኡቡንቱ ላይ ማይኩ ወዲያው ስለማይታወቅ እሱን ብቻ ይዘሽ አትፍረጂ።

ባለሙያ ጋ ስትሄጂ «ማይክ አይሠራም» ብለሽ አትስጪው። «ኤርፎን ይሠራል፣ ድራይቨሩ ተጭኗል፣ የማይኩን ኬብልና መሰኪያውን እይልኝ» በይው። ሲፈታው አጠገቡ ቁሚ፤ የማያስቆምሽ ከሆነ ሌላ ቤት ሂጂ።

እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ይሄ ላፕቶፕ ስክሪን ተቀይሮለት ወይም ማጠፊያው ተነክቶ ያውቃል? ካሜራውስ ይሠራል? ካሜራውም አብሮ ጠፍቶ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ዝለዪና መጀመሪያ ኬብሉን አሳዪ።