ወረፋ የቆመችው ሴት ታሪክ አላት

ውድ እህቴ፣

የ26 ዓመት የታሪክ ምሩቅ ነሽ። በሩሲያ አብዮት ዘመን ተራው ሰው እንዴት እንደኖረ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። የቤት ኪራይሽን የሚከፍሉት አጎትሽ ግን «ሌኒንን ላጥና ብትዪ ይገባኛል፤ ዳቦ ልትገዛ ወረፋ የቆመች ሴት ምን ታሪክ አላት? አካውንቲንግ ተማሪ» አሉሽ። ሩሲያኛ አለመቻልሽ፣ የሞስኮ ጉዞና ዕድሜሽም አስጨንቀውሻል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የአጎትሽ ጥያቄ ነው።

ያቺ ወረፋ የቆመች ሴት እኮ ናት አብዮቱን ያስነሳችው! እ.ኤ.አ. በ1917 በሴቶች ቀን የያኔዋ የሩሲያ ዋና ከተማ የፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሥራ አቁመው «ዳቦ!» እያሉ ወጡ። በሳምንቱ ዛሩ፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት፣ ከዙፋን ወረደ። ረሃቡ ግን ባሰ። በ1918 የከተማዋ ሰው የቀን የዳቦ ድርሻ 50 ግራም ገደማ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ያቺን ቁራሽ ይዛ የገባች እናት ልጆቿን ምን ብላ እንዳስተኛች ሳናውቅ አብዮቱን አወቅነው ማለት አንችልም።

አውስትራሊያዊቷ የታሪክ ምሁር ሺላ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1966 ከኦክስፎርድ ለጥናት ሞስኮ ሄደች። በኋላ ስሟን ካስጠሩት ሥራዎች ብዙዎቹ የቆሙት በተራ ሰው ወረቀት ላይ ነው፤ በማመልከቻ፣ በአቤቱታ፣ በጥቆማ። የቄስ ወይም የነጋዴ ልጅ ሥራ ለማግኘት ሲል «የደሃ ገበሬ ልጅ ነኝ» ብሎ ይጽፋል። ማንን ፈርቶ? ከማን ሰምቶ? ይህን ከወረቀት ላይ ማንበብ ሙያ ነው።

እኔ ራሴ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ትርፍ ቤት በተወረሰ ማግስት፣ በ1968 ዓ.ም. አንዲት ሴት ያስጻፈችው ማመልከቻ እጄ ገባ። እጥፋቱ ላይ ተበልቷል። ከግርጌው የጣት አሻራ አለበት። ሐሳቡ ሁሉ የደብዳቤ ጸሐፊው ነው፤ «ሰፊው ሕዝብ»፣ «አድኃሪ» ይላል። መጨረሻ ላይ ግን «ጣራው በልጄ አልጋ ላይ ያፈሳል» የሚል አንድ መስመር አለ። እሱ የሴትዮዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ወረቀት ሳነብ ያንን መስመር ነው የምፈልገው።

አጎትሽ ኪራይ ስለከፈሉ ሙያ ሊመርጡልሽ አይገባም። አንቺም በእሳቸው ኪስ ማስተርስ አትጀምሪ። ነጻነት ከፈለግሽ መጀመሪያ ደመወዝ ይኑርሽ። የሪከርድና ማኅደር ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ አመልክቺ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ከጓደኛ ጋር ቤት መጋራት ይኖርብሽ ይሆናል። ግን በየቀኑ የሰው ወረቀት ታነቢያለሽ፤ ማንበቡን የምትለምጂው እዚያ ነው።

ሩሲያኛውን አዲስ አበባ በሚገኘው በሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከል፣ ፑሽኪን በምንለው፣ ጀምሪ። ፊደሉ 33 ነው። እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ የተሰረዙትን ፊደሎች ጭምር ተማሪያቸው፤ የ1917 ደብዳቤዎች የተጻፉት በእነሱ ነው። ሞስኮ ለጊዜው ይቆይ፤ አሜሪካ ስታንፎርድ ያለው የሁቨር ተቋምም ብዙ የዘመኑን ሰነድ ይዟል። 26 ዓመት ደግሞ ገና ልጅነት ነው።

እሑድ አጎትሽ ጋ ስትሄጂ ደብተር ያዢ። በደርግ ጊዜ እናታቸው ስኳር ለመግዛት ቀበሌ ሱቅ ስንት ሰዓት ይሰለፉ እንደነበር ጠይቂያቸው። የሚነግሩሽን እንዳለ ጻፊው።