የአሮጌ ሞተር ካቴና፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሞተር ሳይክል ካቴና ናቸው። መጠየቃችሁ ደስ ብሎኛል። በጉዞ ላይ የተበጠሰ ካቴና የኋላ ጎማ ሊቆልፍ፣ የሞተሩንም ብረት ሊሰነጥቅ ይችላል።

«አሮጌ 125 ሲሲ ሞተር አለኝ፤ ዕቃ እጭንበታለሁ። 428 ካቴናው ቶሎ ቶሎ ይላላል። 520 ባስገጥም አይጠነክርም?» (ከሐዋሳ)

520 ጥርሱ (ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት) ላይ አይቀመጥልዎትም። ቁጥሩ መጠን እንጂ የጥንካሬ ደረጃ አይደለም። የመጀመሪያው አሃዝ ከፒን (የካቴናውን ቁርጥራጮች ከሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) እስከ ቀጣዩ ፒን ያለው ርቀት ነው። 4 ሲሆን 12.7 ሚሊ ሜትር፣ 5 ሲሆን 15.875 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ አሃዞች የውስጥ ስፋቱን ያሳያሉ። እንዲያውም 520 ውስጡ ከ428 ይጠብባል።

ለእርስዎ የሚሆነው 428ኤች ነው። የጎን ሰሌዳዎቹ ወፍራም ናቸው፤ ጥርሱን መቀየር አይጠይቅም። ትንሽ ስለሚሰፋ ግን ከመሸፈኛው ጋር እንዳይታከክ ይዩት።

ቶሎ መላላቱን ግን ውፍረት ብቻውን አይፈታውም። ካቴና የሚረዝመው ብረቱ ስለተለጠጠ ሳይሆን፣ ፒኑ ከውስጥ እየተፋተገ ስለሚበላ ነው። አቧራና ጭቃ ደግሞ ያፋጥኑታል። አቅም ከፈቀደ ኦ-ሪንግ ያለውን ይግዙ። ትንንሾቹ የጎማ ቀለበቶች ግራሶውን ከውስጥ አፍነው ይይዙታል። በቤንዚን ግን እንዳያጥቡት፣ ጎማውን ይጎዳል። በላምባ ጠርገው ወዲያው ዘይት ይቀቡት።

አሁን ያለው አርጅቶ እንደሆነ በሜትር ይታወቃል። ወጥረው ይያዙትና አንዱን ፒን አንድ ብለው ቆጥረው፣ ከእሱ መሀል እስከ 21ኛው ፒን መሀል ይለኩ። አዲስ 428 ላይ 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ አውጥተው ይጣሉት።

«ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆንዳ ሲቢ750 ሞተር ሳይክል እያደስኩ ነው። የዛሬ ካቴና ይሆነዋል?»

እንዴት ደስ የሚል ሥራ ይዘዋል! ሲቢ750 በ1969 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 67 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለዚያ ዘመን ካቴና ይህ ከባድ ሸክም ነበር። ሆንዳም ከሞተሩ ዘይት ወደ ካቴናው የሚደርስበት መንገድ ሠርቶለት ነበር። እንዲያም ሆኖ ተበጥሶ የሞተሩን ብረት የሰበረባቸው ሰዎች ነበሩ።

የዛሬ ጥሩ 530 ኦ-ሪንግ ካቴና ከዚያ በብዙ ይበልጣል። እኔን የሚያሰጋኝ ስፋቱ ነው። ፊት ጥርሱ አጠገብ ሞተሩን እንዳይነካ የኋላ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ይፈትሹ። ሳጥኑ ላይ በተጻፈው የጥንካሬ ቁጥርም ብዙ አይሳቡ። ቁጥሩ ካቴናው አንዴ ተስቦ የሚበጠስበት ኃይል ነው፤ ካቴናን የሚጨርሰው ግን በየቀኑ የሚደጋገመው ጫናና ፍትጊያ ነው። የካቴናውን ሁለት ጫፎች የሚገጥመው ማገናኛ በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚዘጋ ፒን) የሚዘጋ ይሁን።

«ጥርሶቹን ትቼ ካቴናውን ብቻ ብቀይርስ?» (ከአዳማ)

ካቴናውን፣ የፊት ጥርሱንና የኋላ ጥርሱን፣ ሦስቱንም አብረው ይቀይሩ። ጫፉ የሾለ ወይም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጥርስ አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ብር ካጠረዎት ጥቂት ጠብቀው ደህናውን ይግዙ እንጂ ርካሹን አይግጠሙ። ሲገዙም በሳጥኑ ላይ ባለው ስም ብቻ አይመኑ። ስሙና መጠኑ ብረቱ ላይ በጥራት መታተሙን ይመልከቱ።

«የማገናኛው ክሊፕ ወዴት ይዙር?» (ከደሴ)

የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። አሮጌ ክሊፕ ደግሞ መልሰው አይግጠሙ።

«አዲሱን ካቴና ጥብቅ አድርጌ አስወጠርኩት። ሰው ስጭን ግን ይጮሃል።» (ከባሕር ዳር)

ከልክ በላይ ተወጥሯል። ሰው ሲጫን ሞተሩ ዝቅ ይላል፤ የኋላ ጎማው ከፊት ጥርሱ ይርቃል፤ ካቴናውም ይበልጥ ይጠብቃል። ጫናው የካምቢዮውን ኩሽኔታም ይጎዳል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ካቴናው መሀሉ ላይ በጣት ሲገፋ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት። የሞተርዎ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ። ጎማውን እያዞሩ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ይፈልጉና እዚያ ላይ ይለኩ። ሰው ደግመው ሳይጭኑ ዛሬውኑ ያላሉት።